ድመቷ ፀጉሯን የምትነጨው አመል ሆኖባት ነውን?



በዚህ ወር የምናነሣው ጉዳይ ለአንዳንዶቻችሁ ትንሽ መስሎ ሊታያችሁ ይችላል፤ የድመት ጉዳይ ነውና። ሆኖም ነገሩን ወደ እኛ ያመጣችው አንዲት የመድረሳ ተማሪያችን ናት። ዕድሜዋ ዐሥር ዓመት ቢሆን ነው። አንድ ቀን ከዐስር ሶላት በኋላ ጓደኞቿ ደብተራቸውን ሰብስበው ሲወጡ እርሷ በሩ ላይ ቆማ ቀረች።

«ኡስታዝ፣ ድመታችን ሆዷን እየላሰች ፀጉሯን ጨረሰችው። አባዬ ነገ በጆንያ አድርጎ ደቻቱ ማዶ ሊጥላት ነው። ወንጀል አይሆንበትም?» ስትል ጠየቀችን።

ልጅቷ ስለ አባቷ ወንጀል ብትጠይቅም የምታለቅሰው ለድመቷ እንደነበር ያስታውቃል። እኛም አባቷን በስልክ አግኝተን እስከ ጁሙዓ እንዲታገሱን ለመንናቸው። እርሳቸው ክፉ ሰው አይደሉም። ቤታቸው ውስጥ ገና ድክ ድክ የሚል ሕፃን አለ። ጎረቤት ደግሞ «በሽታዋ ልጅ ላይ ይጋባል» ብሎ አስፈርቷቸዋል። ሌላው «ዐይን ነው»፣ ሌላው «ጂን ነክቷት ነው»፣ ሦስተኛው «ተዋት፤ አመሏ ነው» ብሏቸዋል። ይህ ሁሉ ሲባል ግን የድመቷን ቆዳ ገልጦ ያየ ሰው አልነበረም።

ድሬዳዋ ውስጥ ድመት ብርቅ አይደለችም። ከገንደቆሬ እስከ ሳቢያን፣ ከመጋላ እስከ ከዚራ በየመንደሩ አለች። አይጥ ትይዝልናለች። ሙቀት በበረታበት ሌሊት ቤተሰቡ ግቢ ውስጥ ምንጣፍ አንጥፎ ሲተኛ እርሷም ከልጆች እግር ሥር ተጠቅልላ ታድራለች። ይሁንና ፍየል ስትታመም ሐኪም ይፈለጋል፤ ድመት ስትታመም ግን የሚፈለገው ጆንያ ነው። ስለዚህ ድመት ፀጉሯን የምትነጭበትን ምክንያት፣ ቤተሰብም ሊያደርገው የሚገባውንና የማይገባውን ነገር በዝርዝር ለማየት ወድደናል።

ድመት ለምን ራሷን ትልሳለች?

አስቀድመን ጤነኛውን መላስ እንወቅ። ድመት ነቅታ ከምትቆይበት ጊዜ ጥቂት የማይባለውን የምታሳልፈው ገላዋን በማጽዳት ነው። የድመት ምላስ እጃችንን ሲነካን እንደ ሞረድ የሚሻክረን ወደ ኋላ የታጠፉ ጥቃቅን እሾሆች ስላሉበት ነው። እነዚህ እሾሆች የተሠሩት ጥፍራችን ከተሠራበት ዓይነት ነገር ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 በአሜሪካ የጆርጂያ የቴክኖሎጂ ተቋም ተመራማሪዎች ባወጡት ጥናት የእያንዳንዱ እሾህ ጫፍ እንደ ማንኪያ የጎደጎደ መሆኑን አሳይተዋል። ድመቷ በዚህ ጉድጓድ ምራቋን እየቀዳች እስከ ፀጉሯ ሥር ድረስ ታደርሰዋለች። ሱብሓነላህ! ማበጠሪያውና ውሃ መቅጃው በአንድ ምላስ ላይ ተሠርቷል።

ይህ መላስ ጥቅሙ ብዙ ነው። የረገፈውን ፀጉር፣ አቧራውንና ተባዩን ያነሣል። ሰውነትንም ያቀዘቅዛል። ድመት እንደ ሰው በመላ አካሏ አታልብም፤ ላብ የሚወጣት በመዳፏ ሥር ነው። በመሆኑም ሙቀት ሲበረታባት ፀጉሯን በምራቋ ታረጥባለች፤ ምራቁ ሲተን ሙቀቱን ይዞ ይሄዳል። በግንቦትና በሰኔ የድሬዳዋ ፀሐይ ሲያቃጥል ድመታችሁ ከወትሮው ይበልጥ ስትልስ ብታዩ አትደንግጡ። ነገር ግን አንድ ነገር ልብ በሉ፦ ለሙቀት የሚደረግ መላስ ቆዳን አይገልጥም። ቆዳዋ ራቁቱን ከቀረ ምክንያቱ ሌላ ነው።

ከልኩ ማለፉ በምን ይታወቃል?

ብዙ ሰው «ድመቴ ስትልስ አላየኋትም፤ ፀጉሯ ግን አለቀ» ይላል። ይህ እውነት ሊሆን ይችላል። ብዙ ድመቶች ሰው በሌለበት፣ ቤተሰቡ በተኛበት ሰዓት ነው የሚልሱት። ስለዚህ ፀጉሩ ራሱ ረግፎ ነው ወይስ ድመቷ ነጭታው ነው የሚለውን መለየት የመጀመሪያው ሥራ ይሆናል።

መላ አለው። የሳሳውን ቦታ በጣታችሁ ወደ ላይ ዳስሱ። ልክ ጢም ከተላጨ በማግስቱ እንደሚቆረቁረው አጫጭር ጉቶ ከተሰማችሁ ፀጉሩ አልረገፈም፤ በምላስና በጥርስ ተሰብሮ ነው። ቦታው ለስላሳ ከሆነ፣ በአካባቢው ያለው ፀጉርም በቀላሉ ተነቅሎ እጃችሁ ላይ የሚመጣ ከሆነ ግን ፀጉሩ ከሥሩ እየለቀቀ ሊሆን ይችላልና ለሐኪም ንገሩ። በዓይነ ምድሯ ውስጥ ብዙ ፀጉር መታየቱ ወይም ፀጉር ደጋግማ ማስመለሷም እየላሰች እየዋጠች መሆኗን ያመለክታል።

«አመሏ ነው» የሚለው ፍርድ

በሀገራችን ስለ ድመትና ስለ አመሏ የሚነገረውን ተረት የማያውቅ የለም። ድመት አመሏን አትተውም ስለሚባል ፀጉሯን ስትነጭም አመል ነው ብለን እናልፋለን። እንዲህ የምናስበው እኛ ብቻ አይደለንም። በውጭው ዓለምም ለረጅም ጊዜ ሆዷን ልሳ ራቁት ያስቀረች ድመት «የጭንቀት በሽተኛ» ትባል ነበር።

እ.ኤ.አ. በ2006 በአሜሪካ የእንስሳት ሐኪሞች ማኅበር መጽሔት ላይ የወጣ ጥናት ይህን አስተሳሰብ ፈተነው። ሐኪሞቹ በጭንቀት ምክንያት ፀጉራቸውን ይነጫሉ የተባሉ 21 ድመቶችን ወስደው አንድ በአንድ በደንብ መረመሯቸው። ውጤቱ ምን ሆነ? ከ21ዱ በ16ቱ ላይ የተገኘው ምክንያት የአካል ሕመም ነበር። በአብዛኞቹም የቆዳ ማሳከክ ነው። ሦስቱ ሕመምም ጭንቀትም ነበራቸው። ጭንቀት ብቻ ሆኖ የተገኘው በሁለቱ ላይ ነው።

እንግዲህ ከዚህ የምንማረው ነገር ግልጽ ነው። ፀጉሯን የምትነጭ ድመት በአብዛኛው አመለኛ አይደለችም። የሚያሳክካት ወይም የሚያማት ነገር አለ። ልሳን ስለሌላት ስሞታዋን የምታሰማው በምላሷ ነው። የእኛ ድርሻ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት ምክንያቱን መፈለግ ነው።

የመጀመሪያው ተጠርጣሪ፦ ቁንጫ

በተባለው ጁሙዓ ከሶላት በኋላ ወደ ተማሪያችን ቤት ሄድን። የያዝነው መሣሪያ ሁለት ብቻ ነበር፤ ጥርሱ ጥቅጥቅ ያለ የቅማል ማበጠሪያና ነጭ ጨርቅ። ልጅቷ ድመቷን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አንገቷን ስታሻሽላት እኛ ከጀርባዋ እስከ ጭራዋ ሥር አበጠርናት። አንድም ቁንጫ አላየንም። አባትየው «አላልኩም? ቁንጫ የለባትም» አሉን።

ከማበጠሪያው ላይ የረገፈውን ጥቁር ብናኝ በነጩ ጨርቅ ላይ አድርገን ጥቂት ውሃ ጠብ አደረግንበት። ትንሽ ቆይቶ ብናኙ ዙሪያውን ወደ ቀይ ቡናማ ተለወጠ። ተራ አቧራ ቢሆን ኖሮ አይቀላም ነበር። ይህ የቁንጫ ኩስ ነው፤ ከድመቷ የተመጠጠ ደም ስለሆነ ውሃ ሲነካው ይቀላል። አባትየው ጨርቁን ተቀብለውን ለረጅም ጊዜ ተመለከቱት።

ቁንጫው ታዲያ የት ሄደ? ድመቷ በልታዋለች። እየላሰች ስለምትውጠው እጅግ ንጹሕ የምትመስለው ድመት ብዙ የምትሠቃየው ልትሆን ትችላለች። ሌላም ነገር አለ። ቁንጫ ሲነክስ ምራቁን ወደ ቆዳ ያስገባል። አንዳንድ ድመቶች ለዚህ ምራቅ አለርጂ አለባቸው። እንዲህ ላለችው ድመት መቶ ቁንጫ አያስፈልግም፤ የአንድና የሁለት ቁንጫ ንክሻ ለብዙ ቀናት ሊያሳክካት ይችላል። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው ከወገብ በታች፣ የጭራው ሥር፣ የጭን ውስጡና ሆዱ ነው።

የቁንጫ ነገር አስቸጋሪ የሚሆነው ቤቱ ድመቷ ላይ ብቻ ስላልሆነ ነው። ሴቷ ቁንጫ ደም ከመጠጠች በኋላ በቀን በርካታ እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ አይጣበቅም፤ ድመቷ በተኛችበትና በተራመደችበት ሁሉ ይረግፋል። ከእርሱ የሚፈለፈለው ትል ብርሃን ስለማይወድ ምንጣፍ ሥር፣ ፍራሽ ሥርና የወለል ስንጥቅ ውስጥ ይገባል። ከዚያም ራሱን በድር ጠቅልሎ ለሳምንታት፣ አንዳንዴም ለወራት ይጠብቃል። ሰው ወይም እንስሳ ሲንቀሳቀስ ሲሰማው ይወጣል። የሀገራችን ሙቀት ዓመቱን ሙሉ ስለማይለየን ቁንጫም በአንድ ወቅት ብቻ የሚመጣ እንግዳ አይደለም።

ነገር ግን በዚያው ልክ የድሬዳዋ ፀሐይ መድኃኒት ሆናም ታገለግላለች። የቁንጫ ትል ድርቀትንና ቀጥተኛ ፀሐይን አይችልም። ስለሆነም ፍራሹን፣ ሰሌኑን፣ ምንጣፉንና ድመቷ የምትተኛበትን ጨርቅ ሁሉ በቀትር አውጥታችሁ አስጡ። የሚታጠበውን በሙቅ ውሃ እጠቡ። ወለሉን እስከ ስንጥቁና እስከ ጥጉ ጥረጉ፤ ጥራጊውንም ግቢ ውስጥ አትተዉት፤ ከቤት አርቃችሁ ጣሉት። ይህን አንድ ቀን ሠርቶ መተው አይጠቅምም፤ በድር የተጠቀለለው በኋላ ይወጣልና ለበርካታ ሳምንታት ደጋግሙት። በግቢው ውስጥ ውሻ፣ ሌላ ድመት ወይም የፍየል ግልገል ካለ እርሱም ይታይ። የድመት ቁንጫ ፍየልም ላይ ይኖራል።

ለድመቷ ራሷ የሚሰጠውን መድኃኒት ግን የእንስሳት ሐኪም ይምረጥ። ለምን እንዲህ እንደምንል ወደ ኋላ እንነግራችኋለን።

ሌሎቹ ምክንያቶች

ቁንጫ ካልሆነስ? በቅደም ተከተል እንያቸው።

እከክ። በዐይን የማይታዩ ነፍሳት ቆዳ ውስጥ ገብተው ወይም ቆዳ ላይ ሆነው የሚያመጡት ነው። ጆሮ ውስጥ ቡና አተላ የመሰለ ጥቁር ቆሻሻ ካለና ድመቷ ጆሮዋን በእግሯ የምታክ ከሆነ የጆሮ እከክ ሊሆን ይችላል። የጆሮዋ ጠርዝ፣ ፊቷና አንገቷ ወፍራም ቅርፊት ካወጣ ደግሞ ሌላው ዓይነት ነው። ሁለቱም በሐኪም እጅ የሚድኑ ናቸው።

ጭርት። ጎረቤት ለተማሪያችን አባት የነገራቸው ፍርሃት እውነት የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ጭርት ከፈንገስ የሚመጣ ሲሆን ከድመት ወደ ሰው፣ በተለይም ወደ ሕፃናት ይተላለፋል። በድመቷ ላይ ክብ ክብ የሳሳ ቦታና ፎረፎር የመሰለ ቅርፊት፣ በልጁ ቆዳ ላይ ደግሞ ዙሪያው የቀላ ክብ ምልክት ወይም ጭንቅላቱ ላይ ፀጉር የሌለው ቦታ ከታየ ልጁን ወደ ጤና ጣቢያ፣ ድመቷን ወደ እንስሳት ሐኪም ውሰዱ። ሁለቱም አብረው ይታከሙ፤ አንዱን ብቻ ማከም አይበቃም። የፈንገሱ ዘር በቤት ውስጥ ከዓመት በላይ ሊቆይ ስለሚችል ድመቷን መጣል ብቻውን ቤቱን አያነጻም። የተጣለችውም ድመት ሌላ መንደር ገብታ የሌላ ሰው ልጅ ታቅፋለች።

ምግብ። አንዳንድ ድመት ለዓመታት የበላችው ምግብ አለርጂ ይሆንባታል። ብዙ ጊዜ ፊቷና አንገቷ ያሳክካታል፤ ሆዷንም ልትነጭ ትችላለች። ይህ የሚታወቀው በደም ምርመራ ሳይሆን በሙከራ ነው። ቀድሞ ቀምሳው የማታውቀውን አንድ ዓይነት ሥጋ ብቻ፣ ያለ ጨው፣ ያለ ቅመምና ያለ ወተት ቀቅሎ ለስምንት ሳምንት ያህል መስጠት ነው። ሁልጊዜ የከብት ሥጋና ወተት ለለመደች ድመት በከተማችን የግመል ሥጋ ማግኘት ይቻላልና መልካም ነው። ይህም ለሙከራ ብቻ እንጂ ለዘለቄታው የተሟላ ምግብ አይሆንም፤ ሐኪም አማክሩ። በዚህ አጋጣሚ አንድ ነገር እናሳስብ፦ ሽንኩርትና ነጭ ሽንኩርት የድመትን ደም ያበላሻል። ስለዚህ የወጥ ፍትፍት ለእርሷ ጥሩ ምግብ አይደለም።

የውስጥ ሕመም። የሽንት ፊኛዋ የታመመባት ድመት የሚያማትን ቦታ ከውጭ በኩል ትልሳለች፤ የታችኛው ሆዷም ይራቆታል። መገጣጠሚያዋን የሚያማት አሮጊት ድመትም ያንኑ ቦታ ደጋግማ ትልሳለች። በተለይ ወንድ ድመት ለሽንት ቁጭ ብሎ እያማጠ ምንም ካልወጣው ነገ አትበሉ፤ የሽንት ቧንቧው ከተደፈነ በሁለትና በሦስት ቀን ውስጥ ሊሞት ይችላልና በዚያው ቀን ለሐኪም አድርሱት። በእኛ ቆላ ንጹሕ ውሃ ቀንም ሌሊትም ከድመት አጠገብ እንዳይጠፋ።

ጭንቀት። ይህም አለ፤ ነገር ግን ተራው የመጨረሻ ነው። ድመት የለመደችው ነገር ሲናድባት ትጨነቃለች። ቤት መቀየር፣ አዲስ ሕፃን፣ የሌላ ድመት ግቢ መግባት፣ ለሠርግ የተተከለ ድንኳንና ድምፅ ማጉያ፣ ልጆች ጭራዋን መጎተታቸው ሁሉ ያስጨንቃታል። መላስ ያረጋጋታልና ትልሳለች። ስትልስ የቆሰለው ቆዳ ያሳክካታል፤ ሲያሳክካት እንደገና ትልሳለች። እንዲህ ያለችውን ድመት መምታትና መጮኽ ጭንቀቷን ያብሳል። የምትሸሸግበት ከፍ ያለ ቦታ፣ በተወሰነ ሰዓት የሚሰጥ ምግብና በየቀኑ በገመድ ጫፍ የታሰረ ጨርቅ እያሳደደች የምትጫወትበት ጥቂት ደቂቃ ይጠቅማታል።

አንድ ማስጠንቀቂያ ደግሞ ለሁሉም ነው። ጠባይዋ በድንገት የተለወጠ፣ ያለ ምክንያት የምትናከስ ወይም ምራቋ የሚዝረበረብ ድመት ካያችሁ ለመመርመር አትቅረቡ። በሽታው የእብድ ውሻ በሽታ ሊሆን ይችላል። የነከሰችው ሰው ካለ ቁስሉን ወዲያውኑ በውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ አጥቦ ሳይውል ሳያድር ወደ ጤና ተቋም ይሂድ።

በደግ ሐሳብ የሚገደሉ ድመቶች

ውድ አንባቢያን፣ ይህን ክፍል የምንጽፈው ከራሳችን ጥፋት ተነሥተን ነው። በልጅነታችን ቤታችን አንዲት ዳማ ድመት ነበረች። ጀርባዋን ስትነጭ አይተን ቁንጫ መሆኑን ገመትን። ግምታችን ትክክል ነበር። ከዚያም አንድ ትልቅ ሰው ያለንን ይዘን በነጭ ጋዝ አሸናት። ቁንጫው ሞተ። ድመቷ ግን የቀባናትን ሁሉ ራሷን ለማጽዳት ላሰችው። አፏ አረፋ ደፈቀ፤ ትንፋሿ ተቆራረጠ፤ በሁለተኛው ቀን ሞተች። ለእርሷ የነበረን ፍቅር ከአላዋቂነታችን አላዳናትም።

የድመት አፈጣጠር እዚህ ላይ ከሌላው ይለያል። በቆዳዋ ላይ ያደረግነው ሁሉ ሆዷ ይገባል። ከዚህም በላይ የድመት ጉበት ብዙ መድኃኒቶችንና ኬሚካሎችን ሰባብሮ የማስወገድ አቅሙ ከሰውም ከውሻም ያነሰ ነው። በመሆኑም የሚከተሉትን ፈጽሞ አታድርጉ፦

ነጭ ጋዝ፣ ቤንዚን ወይም የተቃጠለ ዘይት አትቀቧት።

ለፍየልና ለከብት የሚረጨውን ዲያዚኖን፣ ማላታይን ወይም ሌላ የተባይ መድኃኒት አትርጩባት፤ ዱቄቱንም አትነስንሱባት።

ፐርሜትሪን ያለበትን የውሻ የቁንጫ መድኃኒት አታድርጉባት። ለውሻ የሚበጀው ለድመት መንቀጥቀጥና ሞት ሊያመጣ ይችላል።

ቤት ማጽጃ የሆኑትን ሽታቸው ኃይለኛ ፀረ ተሕዋስያን ፈሳሾች ለቁስሏ አትጠቀሙ። ለብ ያለ ውሃ ከጥቂት ጨው ጋር ይበቃል።

ሕመሙን ላስታግስላት ብላችሁ ፓራሲታሞል አትስጧት። አንዲት ፍሬ ልትገድላት ትችላለች።

አይቨርሜክቲን የተባለውን የከብት መርፌ በግምት አታስወጉ። መጠኑ ለድመት እጅግ ጥቂት ስለሆነ ሐኪም ብቻ ይለካው።

«ሐኪም ከየት እናመጣለን?» የሚል ይኖራል። የእንስሳት ሐኪሞቻችን አብዛኛው ሥራቸው በፍየል፣ በግመልና በከብት ላይ መሆኑ እውነት ነው። ሆኖም ድመት ይዞ የሄደን ሰው አይመልሱም። ከደንገጎ ዳገት ባሻገር ያለው የሐረማያ ዩኒቨርሲቲም የእንስሳት ሕክምና የሚያስተምር ኮሌጅ አለው። ድመቷን አየር በሚያስገባ ካርቶን ውስጥ አድርጋችሁ፣ ምን እንደምትበላ፣ ነጩ ቦታ መቼ እንደጀመረና ምን እንደተቀባች በወረቀት ጽፋችሁ ሂዱ። ይህ ለሐኪሙ ግማሽ ምርመራ ነው።

ዲናችን ምን ያስተምረናል?

አቡ ዳውድ በዘገቡት ሐዲስ ነቢዩ ሙሐመድ (ሰ.ዐ.ወ) ወደ አንድ የአንሷር አትክልት ቦታ በገቡ ጊዜ አንድ ግመል እርሳቸውን አይቶ አጉረመረመ፤ ዐይኑም እንባ አፈሰሰ። እርሳቸውም ቀርበው ከጆሮው በስተኋላ አበሱት፤ ጸጥም አለ። ከዚያም ባለቤቱን አስጠርተው ግመሉ እንደሚያስርበውና እንደሚያደክመው ስሞታ እንዳቀረበ ነገሩት፤ አላህንም እንዲፈራ አሳሰቡት። የግመሉን ማጉረምረም አመል ነው ብለው አላለፉትም። ስሞታ መሆኑን ዐወቁ፤ ምክንያቱንም ለባለቤቱ ነገሩት። እኛ እንደ እርሳቸው የእንስሳን ስሞታ በወሕይ አናውቅም። ያለን ዐይን፣ ማበጠሪያና ዕውቀት ነው፤ በእርሱ እንጠየቃለን።

ስለ ድመትማ የመጣው ብዙ ነው። ድመትን አስራ ሳትመግባትና የምድር ተባይ እንድትበላ ሳትለቃት በመሞቷ ስለተቀጣችው ሴት ቡኻሪና ሙስሊም ዘግበዋል። አቡ ቀታዳ (ረ.ዐ) ደግሞ ለዉዱእ በተቀዳላቸው ውሃ ላይ ድመት በመጣች ጊዜ ዕቃውን አዘንብለው አጠጧት። የልጃቸው ሚስት ከብሻ በመገረም ስትመለከታቸው ድመት ነጃሳ እንዳልሆነችና በቤታችን ከሚዘዋወሩት ወገን እንደሆነች ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) መናገራቸውን ነገሯት። ታላቁ የሐዲስ ዘጋቢ ዐብዱረሕማን ኢብኑ ሰኽርም አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) የተባሉት በግ ሲጠብቁ አብራቸው ከነበረች ትንሽ ድመት የተነሣ ነው።

ታዲያ «አስሬ አላስራብኳትም፤ ለቀቅኳት እንጂ» የሚል ሰው ምን ይባላል? ፈትዋ የዑለማዎች ድርሻ ነው። እኛ በአስተማሪነታችን አንድ ጥያቄ ብቻ እናቀርባለን። መልቀቅ ማለት እንስሳዋ ራሷን ችላ እንድትኖር መተው ነው። ቆዳዋ የቆሰለ፣ ከሰው እጅ መብላት የለመደች፣ ሰፈሩን የማታውቅ ድመት በጆንያ ተይዛ አሸዋ ላይ ብትደፋ ይህ መልቀቅ ነው ወይስ መጣል? ልጆቻችን ይህን ሲያዩ የሚማሩት ምንድን ነው? የታመመ ሰው ከቤት እንደሚወጣ አይደለምን?

የተማሪያችን ድመት

አባትየው በዚያ ጁሙዓ ጆንያውን አጥፈው አስቀመጡት። በማግስቱ ድመቷ ሐኪም ዘንድ ተወሰደች። ጭርት እንደሌለባት፣ የቁንጫ አለርጂ መሆኑንም ነገሯቸው፤ ለእርሷ የሚስማማ መድኃኒትም ሰጧት። ፍራሹና ምንጣፉ በየሳምንቱ ፀሐይ ላይ ዋለ፤ ይህ የልጅቷና የወንድሞቿ ሥራ ሆነ። በወሩ ማሳከኩ ቀነሰ። በሦስተኛው ወር ሆዷ ላይ አዲስ ፀጉር ሞላ። ሕፃኑንም ሌሊት ሌሊት እግሩን ያሳክከው የነበረው ነገር ተወው፤ እርሱንም ሲነክሰው የነበረው ያው ቁንጫ ኖሯል።

ባለፈው ሳምንት አባትየውን መስጊድ በር ላይ አገኘናቸው። «ኡስታዝ፣ እርሷን ጥዬ ቢሆን ኖሮ ቁንጫውን ይዤ ቀርቼ ነበር» አሉን።

እንግዲህ ውድ አንባቢያን፣ ድመታችሁ ፀጉሯን ስትነጭ ብታዩ መጀመሪያ ማበጠሪያና ነጭ ጨርቅ ያዙ። ቀጥላችሁ ፍራሹን ፀሐይ ላይ አውጡ፤ ከዚያም ሐኪም ጠይቁ። «አመሏ ነው» የሚለውን ቃል ለመጨረሻ አቆዩት። አላህ ልሳን ለሌላቸው ፍጡራኑ የምናዝን፣ በአደራ የሰጠንንም የምንጠብቅ ያድርገን። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወራሕመቱላሂ ወበረካቱህ።